በጉቶው ላይ የተሰጠ ቃል፦ የብርጋዴር ጄኔራል አሣሄል በርዲክ የሕይወት ታሪክ

ብርጋዴር ጄኔራል አሣሄል በርዲክ ከአባታቸው ከአቶ ዮናስ በርዲክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታንክፉል ዊክስ በመጋቢት ወር 1822 እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ፣ በቴልፎርድ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ በሚገኘው የቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ቆዳ አልፍተው የሚያድሩ ሰው ስለነበሩ፣ ነፋሱ ከማዶ በነፈሰ ቁጥር ከተማው አፍንጫውን ይዞ የበርዲክን ቤት ያማ ነበር። ጄኔራሉ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላም ይህን አልደበቁም። እንዲያውም በምርጫ ሰሞን «በጠረኔ የምትጠሉኝ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ጫማችሁን ግን አውልቁና መልሱልኝ፣ የአባቴ ቆዳ ነው» እያሉ ሕዝቡን ያስቁበት ነበር።

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር መነገር አለበት። በቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ሁሉ ጻድቅ ይሆናል፤ ያልበደለ፣ ያልተሳሳተ፣ ጎረቤት ያላስቀየመ። ጄኔራሉ ይህን ልማድ አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ድምፃቸው ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት፣ ባለፈው የጸደይ ወራት፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን የእህታቸውን ልጅ አስጠርተው «ስማ፣ እዚያ ሰው ፊት ቆመህ ውሸት እንዳታነብብኝ። በአፌ ያጠፋሁት ይበቃኛል» ብለውታል። ስለዚህ የሚነበበው እንዳለ ነው። ደግሞም ሰሞኑን «አስከሬኑ ኮረብታው ላይ ከወታደሮቹ ጋር የማያርፈው ለምንድን ነው? ከልጃቸው ጎንስ ለምን አይቀበሩም?» እያላችሁ ስትጠይቁ የሰነበታችሁ ሁሉ መልሱን እዚህ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እስከዚያው ታገሡ።

ጄኔራሉ የተማሩት እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ክረምት ክረምት ብቻ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጁም ወደ ቆዳው ገንዳ ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ወዲህ ስለነበረና ድልድዩን ጎርፍ በየዓመቱ ስለሚወስደው፣ ትንሹን አሣሄልን አዝለው የሚያሻግሯቸው የጎረቤት ልጅ ነበሩ። እኒህም ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ኬዛያ ስታውት ናቸው። ያኔ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ። ጄኔራሉ ምክር ቤት ገብተውም፣ ኮከብ ትከሻቸው ላይ ሰክተውም፣ እኒህን ሴት «እትዬ ኬዛያ» ከማለት ሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም።

አሣሄል ገና በልጅነታቸው ለተወጠረ ቆዳ ይሰብኩ ነበር ይባላል። አባታቸው ይህን አይተው «ይህ ልጅ ወይ ቄስ ይሆናል ወይ ሌባ» ቢሉ፣ እናታቸው «ሁለቱንም ከሆነስ?» ብለው ጠየቁ። «ያኔማ ምክር ቤት ይገባል» አሉ አባት። በ1841 ወደ አንድ ጠበቃ ቤት ገብተው፣ እሳት እያነደዱና ወለል እየጠረጉ ሕግ አጠኑ። በ1845 ራሳቸውን ችለው ጠበቃ ሆኑ። በ1848 ከወይዘሮ ድሩሲላ ሃች ጋር ጋብቻ መሥርተው ዋረን የተባለ ወንድ ልጅና ላቪኒያ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። ዋረን በአራት ዓመቱ በትኩሳት ሞተ። ጄኔራሉ መቃብሩን በገዛ እጃቸው ቆፍረው፣ ከቤታቸው ጓሮ ካለችው የፖም ዛፍ ሥር ቀበሩት።

በፍርድ ቤቱ ፊት ያለውን ጉቶ የማያውቅ የለም። ከተማው ሲቆረቆር የወደቀ የትልቅ ዛፍ ቅሪት ነው፤ ለምርጫ የሚቀርብ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ወጥቶ ይናገራል። ጉቶው ላይ ያልወጣ ሰው በዚህ አገር ውሻ ጠባቂም ሆኖ አይመረጥም። አሣሄል በርዲክ በ1850 መጀመሪያ ጉቶው ላይ የወጡ ዕለት፣ ገበያ የመጣው ገበሬ ፈረሱን ሳያስር፣ ሴቱም የያዘው እንቁላል እስኪሰበር ድረስ ቆሞ አዳመጣቸው። በዚያው ዓመት ለክፍለ ሀገሩ፣ በ1856 ደግሞ ለመላው አገር ምክር ቤት ተመረጡ። በዚያም ባርነት እንዲቀር ከተናገሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ይህን የተናገሩት ድምፅ ለመሰብሰብ አልነበረም፤ አምነውበት ነው፤ በዚህ ምክንያትም ሁለት ጊዜ በድንጋይ ተፈንክተዋል። የሠሩትን ስሕተት ሁሉ ስንናገር ይህንም አብረን እንድንናገር ፍትሕ ያስገድደናል።

በ1861 የሰሜንና የደቡብ ጦርነት መጣ። ያን ጊዜ ሕጉ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጦር አሰባስቦ ያመጣ ሰው የጦሩ አዛዥ ይሆናል፤ ወታደሩ ደግሞ መኮንኖቹን እጁን እያወጣ ይመርጣል። ጠመንጃ መፍታትና መግጠም የማያውቅ ጠበቃ ኮሎኔል የሆነው በዚህ ሕግ ነው። በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉቶው ላይ ወጡ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ዕለት ተናግረው አያውቁም። በመጨረሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው እናቶቹ ወደ ቆሙበት ዞሩና «ልጆቻችሁን ስጡኝ! እኔው ራሴ እወስዳቸዋለሁ፣ እኔው ራሴ እመልስላችኋለሁ!» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በዚያች ከሰዓት በኋላ ብቻ ሥራ የያዘ ወጣት ሁሉ ሥራውን ጥሎ ተመዘገበ። መቶ ያህሉ ከቴልፎርድ ብቻ ስለነበሩ «የቴልፎርድ መቶ» ተብለው ተጠሩ። ከእነርሱም መካከል የወይዘሮ ኬዛያ ልጆች፣ ኤሞስ፣ ሊቫይና ጁድ ነበሩ። ወይዘሮ ኬዛያ ባላቸው ከሞተ በኋላ ሦስቱን ያሳደጉት ሰው ልብስ እያጠቡ ነው። ከእነርሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

በማሠልጠኛው ሰፈር፣ ሻምበል ፊች የሚባሉ ውትድርና ሙያቸው የሆነ ሰው ወደ ኮሎኔሉ ድንኳን ገቡ። በዚያ የነበሩት ሃምሳ አለቃ ፊኒያስ ሎክ የሰሙትን እንዲህ ይናገራሉ።

«ጌታዬ፣ እነዚህን የስታውት ልጆች ይበታትኗቸው። አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከስንቅ ጋር፣ አንዱን ከእኔ ጋር። የአንድ ቤት ልጆች አንድ መስመር ላይ አይቆሙም።»

«አይሆንም። አንድ ላይ ይሁኑ።»

«የቴልፎርድንም ልጆች ቢሆን ከሌላ አገር ልጅ ጋር መደባለቅ ነው የሚሻለው። አንድ ክፉ ቀን ቢመጣ አንድ ከተማ ባዶ ይቀራል እኮ!»

«ቃል አለብኝ አልኩህ፣ ፊች።»

«ጥይት ቃል አያውቅም፣ ጌታዬ» ብለው ሻምበሉ ወጡ።

ኮሎኔሉ ቃሉ ለማን እንደሆነ አልተናገሩም። ሰፈሩም የመሰለውን አለ። ፖለቲከኛ ነው፣ እናቶቹን ቢያስቀይም ድምፅ ያጣል፣ ልጆቹን አንድ ላይ ያሰለፈው ለምርጫው ብሎ ነው ተባለ። ይህ ወሬ ከጦሩ ቀድሞ ቴልፎርድ ገባ። ከዚያም ወዲያ አልወጣም።

በመስከረም 1862፣ ደቡብ ውስጥ ሃውከን መሻገሪያ በሚባል ቦታ፣ የጄኔራሉ ጦር በአንድ የበቆሎ ማሳ ዳር ያለውን የእንጨት አጥር ይዞ እንዲቆም ታዘዘ። የቴልፎርድ መቶ የያዘው የአጥሩን ማዕዘን ነበር። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ስለነበር የደቡብ ጦር ከጎን ተጠግቶ መድፍ ሲጠምድ ማንም አላየም። ጄኔራሉ አዩት የሚሉ አሉ፤ እርሳቸው ግን «አላየሁም፤ ማየት ነበረብኝ» ብለዋል። ረፋድ ላይ ማዕዘኑ ፈረሰ። ኤሞስ፣ ሊቫይና ጁድ ትከሻ ለትከሻ ሆነው አንድ ቦታ ወደቁ። ቴልፎርድ በአንድ ጠዋት ልጅ አልባ ሆነች። ጄኔራሉ ጭናቸውን ተመትተው ሲወድቁ፣ ከልጆቹ አጠገብ ጥለዋቸው እንዲሄዱ ለምነው ነበር። ፊኒያስ ሎክ ግን ጎትተው አወጧቸው፤ ፊኒያስም በዚያው ቀኝ እጃቸውን አጡ። ጦሩ ሙታኑን ሳያነሣ አፈገፈገ። የደቡቦቹ ሰዎች ሁሉንም በአንድ ጉድጓድ ቀበሯቸው። ስም የለ፣ ምልክት የለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጋዜጦቹ «ያልተነቃነቀው ማዕዘን» ብለው ጻፉ። መንግሥትም ጀግና ያስፈልገው ነበርና በዚያው ክረምት ብርጋዴር ጄኔራል ብሎ ሾማቸው። ሹመታቸው የመጣው በእነዚያ ልጆች ደም ነው፤ ከዚህ የተሻለ አነጋገር ጸሐፊው አላገኘም። ለቁስላቸው እረፍት ወደ ቤት ሲመጡ የደንብ ልብሳቸውን ለወይዘሮ ድሩሲላ ሰጥተው «ይህን ኮከብ ተርትሪልኝ» አሉ። ወይዘሮ ድሩሲላም «መንግሥት የሰፋውን እኔ አልተረትርም፤ እናቶቹ ፊት ደፍረው ይልበሱት» ብለው መለሱላቸው። ጄኔራሉም ለብሰው ጦርነቱ እስኪያልቅ አገለገሉ። በ1865 ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ልጆቹን እመልሳለሁ ብለው ቃል የገቡት እርሳቸው፣ በሁለት እግራቸው ቆመው ተመለሱ።

በ1867 ፓርቲያቸው ለአገረ ገዥነት አቀረባቸው። ጠጉራም ውሻ አለ ሲሉት ይሞታል እንደሚባለው፣ ሰዉ ገና ትልቅ ሰው ሲላቸው እርሳቸው ውስጣቸው አልቆ ነበር። ሆኖም ጉቶው ላይ ወጡ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር። ስለ ጦርነቱ መናገር የዘመኑ ልማድ ስለሆነ እርሳቸውም ስለ ማዕዘኑ ተናገሩ፤ «ልጆቼ» አሉ፤ «እነዚያ ልጆቼ አንድ እርምጃ እንኳ አላፈገፈጉም» አሉ። ሕዝቡ ባርኔጣውን እያነሣ ሲያጨበጭብ ወይዘሮ ኬዛያ የታጠበ ልብስ የያዘ ቅርጫታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«የት አሉ?» አሉ።

ጭብጨባው ቆመ።

«እትዬ ኬዛያ…»

«እትዬ አትበለኝ! እወስዳለሁ፣ እመልሳለሁ ያልከው አንተ ነህ፤ እዚሁ ላይ ቆመህ። ወስደሃል። የት አሉ?»

ጄኔራሉ አፋቸውን ከፈቱ። ዳኛና አገረ ገዥ ያስደመሙት አፈ ማር አንዲት ቃል አጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከጉቶው ወረዱ፣ በሕዝቡ መካከል አልፈው ወደ ቤታቸው ገቡ፣ በማግሥቱም ከምርጫው ወጡ። የፓርቲው ሰዎች ለሳምንት ያህል የመሰላቸው ድካም ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ጉቶውን ረግጠው አያውቁም።

በ1868 የጸደይ ወራት ሬሳዎቹን ፍለጋ ከፊኒያስ ሎክ ጋር ሆነው ወደ ደቡብ ሄዱ። እርሻው ሰው ነበረበት። ገበሬው የራሱን ሁለት ልጆች በዚያው ጦርነት የቀበረ ሽማግሌ ሲሆን፣ ጠላቶቹ መሆናቸውን እያወቀ ውሃ ሰጣቸው። ጉድጓዱ የት እንደሆነ ሲጠይቁትም «ምልክት ምን ያደርግላችኋል? በቆሎው ከሌላው ቦታ ረዝሞ የሚበቅልበት ነው» አላቸው። ፊኒያስ ሎክ በአንድ እጃቸው፣ ጄኔራሉ በሁለት እጃቸው ቆፈሩ። ያገኙት አንዱ ከሌላው የማይለይ አጥንት ነው። ጄኔራሉ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክከው «ፊኒያስ፣ የማንን ራስ ለማን እናት ልውሰድላት?» እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። መልሰው አፈሩን አለበሱት። ገበሬው ያን ቦታ ዳግመኛ እንዳያርስ ለመኑት፤ እርሱም አላረሰም።

ከባቡር እንደወረዱ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ወደ ወይዘሮ ኬዛያ ቤት ሄደው ያዩትን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯቸው። ወይዘሮ ኬዛያ እስኪጨርሱ ሰሙና በሩን ዘጉት።

በዚያ ዓመት የቴልፎርድ እናቶች ማኅበር ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ለየልጆቻቸው ድንጋይ አቆሙ። ከሥሩ ሬሳ የለም፤ ስም ብቻ ነው። እናቶቹ ሁሉ ካልፈቀዱ በቀር በዚያ ቦታ ማንም እንዳይቀበር ደንብ አወጡ። በየግንቦቱ፣ የወደቁ ወታደሮች መቃብር በአበባ በሚሸፈንበት በአበባው ቀን፣ የልጆቹ ስም በተራ ይጠራል፤ እናትየውም ስለ ልጇ «ወድቋል» ብላ ትመልሳለች። የስታውት ልጆች ስም ሲጠራ ግን የሚመልስ የለም። ሦስት ስም፣ ሦስት ጊዜ ዝምታ። ጄኔራሉ በዚያ ዝምታ ውስጥ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ላያቸው ሰው፣ በጦር ሜዳ ያልሞቱት እዚህ ቆመው የሚሞቱ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው በአንድ ልመና ያለቀ ነው። ስሞት ከልጆቹ ድንጋይ አጠገብ ቅበሩኝ የሚል ነበር ልመናው። የድሃ ጉዳይ ያለ ዋጋ ይይዙ ነበር፤ የሙት ልጅ አሳደጉ፤ አካል የጎደላቸው ወታደሮች ጡረታ እንዲያገኙ በየቢሮው ደጅ ጠኑ። እነዚህን ሁሉ ሌላ ሰው ቢሠራቸው አንድ ገጽ ምስጋና ይጻፍለት ነበር። እርሳቸው ግን ስለዚህ ሲነሣ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እናቶቹ አንዳንዶቹ ቶሎ፣ አንዳንዶቹ በሞት አልጋ ላይ ሆነው ፈቀዱላቸው። ያልፈቀዱት ወይዘሮ ኬዛያ ብቻ ነበሩ። በየዓመቱ ከአበባው ቀን በኋላ ጄኔራሉ ሄደው በራቸውን ያንኳኳሉ። ከውስጥ «ዛሬም አልሆነም» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጄኔራሉም «እሺ እትዬ፣ ደህና ይዋሉ» ብለው ይመለሳሉ።

ይህ ነገር የወይዘሮ ድሩሲላን አንጀት ያሳረረውን ያህል ማንንም አላሳረረም። አንድ ቀን፣ ልጃቸው ላቪኒያ ባለችበት፣ «እኔና ዋረን ከምንተኛበት ቦታ ምን ጎደለው? በሕይወትዎ የሕዝብ ነበሩ፤ ሞተው እንኳ የእኔ አይሆኑም?» አሏቸው። ጄኔራሉም «ዋረንን በእጄ ቀብሬዋለሁ፣ ድሩሲላ። እነዚያን አልቀበርኳቸውም» አሉ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስለ መቃብር አልተነሣም።

በ1888 ክረምት ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሞቹ የማይድን ነቀርሳ መሆኑን ነገሯቸው። ምግብ ቀረ፤ ከሾርባና ከወተት በቀር የሚወርድላቸው አልነበረም። ቀጥሎ ድምፃቸው ሄደ። መጀመሪያ ሹክሹክታ ሆነ፣ በበጋው መጨረሻ እርሱም ጠፋ። አንዳንድ ሰው እግዚአብሔር የቀጣው በበደለበት ነው አለ። ይህን ያላችሁ ሰዎች እዚህ ውስጥ እንዳላችሁ ጸሐፊው ያውቃል፤ ስማችሁን ግን አያነሣም።

ባለፈው መስከረም፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጄኔራሉ ወደ ወይዘሮ ኬዛያ ቤት እንዲወስዷቸው በእጃቸው አመለከቱ። ላቪኒያ በአንድ ወገን፣ ፊኒያስ ሎክ በሌላው ወገን ደግፈው ወሰዷቸው። አንኳኩ።

«ማነው?» አሉ ወይዘሮ ኬዛያ ከውስጥ።

መልስ የለም።

«ማነው? አፍ የለህም?»

ፊኒያስ ሎክ ሊመልሱ ሲሉ ጄኔራሉ ክንዳቸውን ያዙ። ራሳቸው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ወይዘሮ ኬዛያ ይህን ጊዜ በሩን ከፈቱት። ከሃያ ዓመት በላይ ያልተከፈተ በር ነው። አጥንታቸው የቀረውን ሰው ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ግባ» አሉ። «ቁጭ በል። ዛሬ አንተ ዝም ትላለህ፣ እኔ እናገራለሁ።»

ተቀመጡ። ወይዘሮ ኬዛያ ግን የተናገሩት ለላቪኒያና ለፊኒያስ ሎክ ነው። እንዲህም አሉ፦ «ይህ ሰው ለምርጫ ብሎ ልጆቻችንን አንድ ላይ አሰለፈ ስትባባሉ ኖራችኋል። እኔም አብሬያችሁ ብያለሁ። ከቴልፎርድ ሲወጡ፣ እዚህ ወንዛችን ድልድይ ጋ፣ የፈረሱን ልጓም ይዤ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ጁድ ፈሪ ነው፣ ከወንድሞቹ እንዳትለይብኝ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ አድርግልኝ፣ ማልልኝ ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ! ይሄው በእኔ አፍ ሦስቱም በአንድ መድፍ ሄዱ። ይህን የምናውቅ እኔና እሱ ብቻ ነን። ከተማው ሲያማው፣ ያን ዕለት ጉቶው ላይ ሳዋርደው፣ ‹አንቺ አይደለሽ ያልሽኝ?› ቢለኝ በቃ ነበር። አላለም። አንድ ቀን እንኳ አላለም። ቢለኝ ኖሮ እፎይ ብዬ እጠላው ነበር እኮ! በየዓመቱ እየመጣ በሬን ሲያንኳኳ፣ የሚያንኳኳው እኔኑ ነበር። እንዴት ልክፈት?»

ጄኔራሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም ለማለት ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙትን ነገር፣ ድምፅ አጥተውም ሊሸፍኑ ፈለጉ።

«ተው» አሏቸው ወይዘሮ ኬዛያ። «ሽፋን አበቃ። አንተ ስትሞት ይህ ነገር ሰው ሁሉ ባለበት እንዲነበብ እፈልጋለሁ። ኮረብታው ላይ ግን አላስተኛህም። እዚያ ማንም የለም፣ አሣሄል። ድንጋይ ነው። እኔና አንተ ድንጋይ ስንለምን ኖርን። ልጆቼን ወደ እኔ ማምጣት ካቃተህ፣ አንተ ወደ እነሱ ሂድ። እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተኛ። የሚያውቃቸው ሰው አጠገባቸው ይኑር።»

ላቪኒያ «እማማ ኬዛያ፣ እናቴስ? እናቴ ወዴት ሄዳ ታልቅስ?» ብላ ጮኸች። ወይዘሮ ኬዛያም «እኔም ሄጄ ያላለቀስኩበት ነው፣ ልጄ» አሏት። ጄኔራሉ ከወንበራቸው ተንሸራተው ወረዱ፤ የወይዘሮ ኬዛያን እጅ፣ ያን በሰው ልብስ ሳሙና የተላጠ እጅ፣ ግንባራቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ያን ሁሉ ዓመት የለመኑት ይህን አልነበረም። ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እሺ አሉ።

ወይዘሮ ድሩሲላ ነገሩን ሲሰሙ የያዙትን ሳህን ከግድግዳው ጋር አላተሙት። «ለምክር ቤት ሰጠኋቸው፣ ለጦር ሰጠኋቸው፣ አሁን ደግሞ ለበቆሎ ማሳ!» አሉ። ይህ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። እርሳቸው ከዋረን አጠገብ ብቻቸውን ሊተኙ ነው፤ ይህንም ያወቁት ባላቸው በሕይወት እያሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለእርሳቸው የሚሆን ማጽናኛ ቢገኝ ጸሐፊው ደስ ባለው ነበር። አልተገኘም።

ጄኔራሉ በመጨረሻው ሳምንት ውሃም አልወርድ ብሏቸው፣ ጥቅምት 14 ቀን 1889 ከቀትር በኋላ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እጃቸውን ይዘው የነበሩት ወይዘሮ ድሩሲላ ናቸው። ትናንት፣ አስከሬኑ የደንብ ልብሱን ከመልበሱ በፊት፣ ወይዘሮ ድሩሲላ መቀስ አስመጡና ያን በ1862 አልተረትርም ያሉትን ኮከብ ከሁለቱም ትከሻ ላይ በገዛ እጃቸው ተረተሩት። «ወደ ልጆቹ እንደ ጄኔራል አይሄዱም» አሉ። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ ሰይፍም ሰንደቅም የለም።

ብርጋዴር ጄኔራል አሣሄል በርዲክ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ድሩሲላን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ላቪኒያንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ከቴልፎርድ መቶ በሕይወት የቀሩት ሃምሳ አለቃ ፊኒያስ ሎክና ጥቂት ጓደኞቻቸው ሣጥኑን ይሸከማሉ።

ጸሎቱ እንዳበቃ አስከሬኑ ወደ ባቡር ጣቢያ ያመራል። ከአስከሬኑ ጋር የሚሄዱት ፊኒያስ ሎክና ላቪኒያ ብቻ እንደሚሆኑ ታስቦ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ወይዘሮ ኬዛያ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ትንሽ ጥቅል ይዘው፣ ወደ ጸሐፊው በር መጡና «ለእኔም ቦታ ያዙልኝ» አሉ። ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። ልጆቻቸው የወደቁበትንም ቦታ አይተውት አያውቁም፤ ይመልሳቸዋል እያሉ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። መንገዱ ሩቅ መሆኑንና እንደሚደክማቸው ቢነገራቸው፣ «ይድከመኛ! በልጅነቱ ወንዙን አዝዬ አሻግሬዋለሁ። ዛሬ ደግሞ እሱ ያሻግረኝ» ብለው መለሱ።

የወደቁትን ሁሉ ያለ ምልክትም፣ ያለ ስምም ለይቶ የሚያውቅ አምላክ፣ የአሣሄልን ነፍስ ከእነዚያ ልጆች ሳይለይ ይቀበልልን። ለወይዘሮ ድሩሲላ ጽናት ይስጥልን። አሜን።

ወደ ጣቢያው የምንሄደው በእግር ነው። ከሣጥኑ ቀጥለው የሚሄዱት ወይዘሮ ኬዛያ ናቸው፤ ፈጥነው መራመድ ስለማይችሉ ሁላችንም በእርሳቸው እርምጃ እንሄዳለን።